ከአዳማ ተነስቶ አገር ፍቅር ቴአትር ማየት፦ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን

ጠዋት አዳማ ቁርስ በልቶ፣ ከሰዓት ፒያሳ አገር ፍቅር ቴአትር አይቶ፣ ማታ ራትን ቤት መብላት ይቻላል። እኔ በዓመት አራት አምስት ጊዜ አደርገዋለሁ። ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ አንድ በአንድ ስነግራቸው ቆይቻለሁ። በቀደም የአክስቴ ልጅ «ይኼን ሁሉ በስልክ ከምትደጋግም ለምን አትጽፈውም?» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

አዳማ አዳራሽ የላትም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ገልማ አባ ገዳን የሚያህል አዳራሽ አለን። ከአዲስ አበባ ቴአትር ይዘው የሚመጡ ሲኖሩም አያምልጧችሁ፣ ግቡና እዩ። ግን በየሳምንቱ በቋሚ ቀን መጋረጃው የሚከፈትበት ቤት ገብቶ ማየት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ያሉት ተዋንያን መድረኩን እንደ ገዛ ቤታቸው ያውቁታል። የት ቆመው ቢያንሾካሽኩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ላለ ሰው እንደሚሰማ ያውቃሉ።

1. ከመመለሻው ጀምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴአትሩን ይመርጣል፣ ይሄዳል፣ ደስ ብሎት ያያል። ከዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቃሊቲ ቆሞ መኪና ይጠብቃል። ያየው ሁሉ እዚያው ብርድ ላይ ይረሳዋል።

ስለዚህ ስሌቱን ከኋላ አምጡት። ቴአትር ቤቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቀን 8 ሰዓት አካባቢ፣ ወይ አመሻሽ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ያሳያሉ። ለአዳማ ሰው የሚሆነው የ8 ሰዓቱ ነው። በ8 ቢጀምር፣ ትንሽ ቢያረፍድም፣ ከ10 እስከ 10 ተኩል ያልቃል። ከፒያሳ ቃሊቲ አንድ ሰዓት፣ ወይም ትንሽ ከፍ የሚል ጊዜ ያዙለት። 12 ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ከደረሳችሁ መኪና አታጡም። የ11 ሰዓት ተኩሉን ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ግን የምታድሩበት ዘመድ ቤት አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ «እንደ ምንም እመለሳለሁ» ብላችሁ አትግቡበት።

ከቅዳሜና ከእሑድ እኔ እሑድን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ መንገዱ ይቀላል። በዚያ ላይ እሑድ ማታ ሶደሬና አዳማ ከርሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ነው የሚበዛው፤ እኛ በተቃራኒው ነን።

2. የትኛው ቴአትር በየትኛው ቀን እንደሆነ አረጋግጡ

ሲኒማ የለመደ ሰው ይኼ ግራ ይገባዋል። ፊልም አንድ ቀን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይታያል። ቴአትር ግን ቀን አለው። አንዱ የእሑድ ነው፣ ሌላው የሐሙስ ነው፣ ሌላው የቅዳሜ። ተመልካች እስካለው ድረስ በዚያው በቀኑ ለወራት ይቆያል፤ ከዓመት በላይ የቆዩም አሉ። ስለዚህ «ዛሬ ካላየሁት አለቀ» ብላችሁ አትጨነቁ። ግን ቀኑን ሳታውቁ ብትሄዱ ልታዩት ያሰባችሁት ቀርቶ ሌላ ታያላችሁ።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የቴአትር ቤቱን የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ ማየት ነው። ፖስተሩ ላይ ርዕሱ፣ ደራሲው፣ አዘጋጁ፣ ተዋንያኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይሰፍራል። ፖስተሩ መቼ እንደተለጠፈ ደግሞ ልብ በሉ። ከስድስት ወር በፊት የወጣ ፖስተር እየተቀባበለ ዛሬም ስልካችን ላይ ይደርሳል።

ከዚያ ደውሉ። ይኼን አትዝለሉት። እኔ አንድ ጊዜ ሳልደውል ሄጄ አንድ ቴአትር ቤት በር ላይ «የዛሬው ተሰርዟል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። አንዱ ተዋናይ ታሞ ነበር። ፊልም ቢሆን ማንም ቢታመም ይታያል፤ እዚህ ግን ሰውየው ከሌለ ቴአትሩም የለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እደውላለሁ፤ አንዴ ቅዳሜ፣ አንዴ እሑድ ጠዋት መኪና ላይ ከመውጣቴ በፊት። እድሳት፣ ስብሰባ፣ የበዓል ዝግጅት፣ ብዙ ነገር ፕሮግራም ይቀይራል። ጠይቃችሁ ሂዱ።

3. ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ምን ልይ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ኮሜዲ ቢያይ ጥሩ ነው ብዬ ለብዙ ሰው እመክር ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ኮሜዲው ላይ አዳራሹ ሲስቅ ቀጣዩ ንግግር ያመልጣል፤ ጆሮው ያልለመደ ሰው ታሪኩ ይጠፋበታል። የቤተሰብ ታሪክ ያለው፣ ገጸ ባሕርያቱ አራት አምስት ብቻ የሆኑ ድራማ ይሻላል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ አትደክሙም። ነገሥታትና መኳንንት የሚፈራረቁበት ታሪካዊ ቴአትር ደግሞ አማርኛው ከበድ ይላል፤ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጉዞ አቆዩት። ሲደርስ ግን እዩት፣ ቃሉን እንደ ቅኔ የሚያጣጥም ሰው ካላችሁም ይዛችሁት ሂዱ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ስትደውሉ ለስንት ዓመት እንደሚፈቀድ አብራችሁ ጠይቁ።

4. መንገዱ

ከአዳማ መናኸሪያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ተነሱ። በፍጥነት መንገዱ የሚሄደውን ያዙ፤ መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቃሊቲ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። በድሮው መንገድ ደብረ ዘይት እያወረደ እየጫነ የሚሄደው መኪና ላይ ከወጣችሁ ግን ጊዜውን ጨምሩበት። ረዳቱን «በየት ነው የምትሄዱት?» በሉት፣ ይነግራችኋል።

ቃሊቲ ከወረዳችሁ በኋላ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ ነው። ሌላው ባቡሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንደኛው መስመር ከቃሊቲ ይነሳና በሳሪስ፣ በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በልደታ፣ በአውቶቡስ ተራ ዞሮ ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል። ለእኛ የተሠራ ይመስል ከመናኸሪያችን ሰፈር ተነስቶ ቴአትሩ ሰፈር ያደርሰናል። መጨናነቁን ግን ቻሉት። አንዳንዴ ባቡሩ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ሞልቶ ያልፋል። እስከ መጨረሻው መሄዱንም ስትሳፈሩ ጠይቁ። ቦርሳችሁን ከፊት፣ ስልካችሁን ከውስጥ ኪስ አድርጉ።

ከአረጋዊ ሰው ጋር ከሆናችሁ ባቡሩን ተዉትና ከቃሊቲ ራይድ ያዙ። እናቴን ስወስዳት እንደዚያ ነው ያደረግኩት። የትኬት ዋጋ ብዙም ስለማይከብድ ያንን ገንዘብ ለመንገዱ ብታወጡት አይቆጭም።

5. ፒያሳ ስትደርሱ

እስከ 6 ሰዓት ፒያሳ ሁኑ። ሁለት ሰዓት ትርፍ ይኖራችኋል፤ መንገድ ቢዘጋ እንኳ ከእሱ ላይ ይነሳል።

ፒያሳን ከዓመታት በፊት የምታውቋት ከሆነ አሁን ስትደርሱ ግራ ትጋባላችሁ። ብዙ ነገር ፈርሷል፣ ብዙ ነገር ተሠርቷል። የድሮውን ካፌ ምልክት አድርጋችሁ አትፈልጉ። ምልክታችሁ የምኒልክ ሐውልትና ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይሁኑ፤ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ነው። ከዚያ «አገር ፍቅር በየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

ምሳችሁን ቀለል አድርጋችሁ ብሉ። ክትፎ በልቶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ እንቅልፍ መጥራት ነው። ሽሮ፣ ፓስታ፣ ከዚያ አንድ ማኪያቶ ይበቃል። ውሃ ብዙ አትጠጡ፤ መሐል ላይ ተነስቶ መውጣት ለእናንተም ለጎረቤታችሁም አይመችም። በሁሉም ቴአትር እረፍት የለም።

6. ትኬትና ወንበር

7 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ሁኑ። ትኬት የሚቆረጠው እዚያው መስኮቷ ላይ ነው። ጥሬ ብር ያዙ፤ ቴሌብርም ይኑራችሁ፣ ግን ኔትወርኩ ላይ ብቻ አትመኩ። ዝነኛ ተዋናይ ያለበት ወይም ገና የተመረቀ ቴአትር ከሆነ ሰልፉ ይረዝማል፤ ያኔ አንዱ ይሰለፍ፣ ሌላው ምሳ ይያዝ። በር ላይ ፍተሻ አለ። ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የሚያስቀምጥላችሁ የለም።

ወንበር መምረጥ ከቻላችሁ መሐሉን ያዙ፤ ከፊት አራተኛ እስከ ስምንተኛ ረድፍ ያለውን። የመጀመሪያው ረድፍ ቅርብ ነው ብላችሁ አትሻሙበት። አንገት ያማል፣ የመድረኩንም ሙሉ ምስል አታገኙም። ቴአትር ውስጥ ከሚናገረው ሰው እኩል የሚያዳምጠው ሰው ፊት ይታያል። ሚስትየዋ ስትናገር ባልየው ከጥግ ምን እንደሆነ ማየት አለባችሁ። ካሜራ የለም መርጦ የሚያሳያችሁ፣ መራጩ የእናንተ ዓይን ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚታይበት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

ቀድማችሁ ገብታችሁ ተቀመጡና ቤቱን እዩት። እናቴን የወሰድኳት ቀን ያደረግነው ይኼንን ነው። «ይኼ ነው እንዴ በሬዲዮ ስንሰማው የነበረው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ፣ መኮንን ሀብተ ወልድ የአገር ፍቅር ማኅበርን ሲያቋቁሙ ሥራው ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር። እዚሁ አካባቢ አደባባይ ላይ ንግግር ይደረጋል፣ ቀረርቶና ፉከራ ይሰማል። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ተዘጋ። ከድል በኋላ እንደገና ተከፈተና ዘፈኑም ቴአትሩም እዚህ አደገ። ያኔ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ነበርና ነጠላ ተከናንቦ እናት የሚሆነው ወንድ ነው። ይኼን ስነግራት ገረማት። ጥላሁን ገሠሠም፣ አስቴር አወቀም የጀመሩት እዚህ ነው ስላት ደግሞ ዝም ብላ መድረኩን አየችው። መጋረጃው ገና አልተከፈተም ነበር።

7. መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ

ስልክ ይጠፋል። ድምፅ መቀነስ አይበቃም፣ ይጥፋ። የስክሪኑ ብርሃን ራሱ ጨለማው ውስጥ መድረክ ድረስ ይታያል። ፎቶና ቪዲዮ አይነሳም። አንድ ተዋናይ እያለቀሰ ከፊቱ መብራት ብልጭ ሲልበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሰውየው እዚያው ነው ያለው፣ ያያችኋል፣ ይሰማችኋል።

ፈንዲሻና ቺፕስም እንደዚሁ። ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሦስት ረድፍ ይረብሻል።

በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ሐውልት ደርቃችሁ አትቀመጡ። የእኛ ተመልካች ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ «ውይ!» ይላል፤ ተዋናዮቹም ይኼን ይፈልጉታል። የሚወደድ ተዋናይ ገና ሲገባ ጭብጨባ ይቀበለዋል፤ ጭብጨባው እስኪበርድ ቆም ሲል ታያላችሁ። ሳቅ ሲበዛም ይጠብቃል። ይኼ ልምምድ ላይ የሌለ፣ ከእናንተ ጋር አብሮ የሚሠራ ነገር ነው። ለዚህ ነው ያንኑ ቴአትር ሁለት ጊዜ ሳይ ሁለት ዓይነት የሚሆንብኝ።

እናቴ ያን ቀን ልጅየው እናቱን ሲዋሽ ጮክ ብላ «አትመኑት!» አለች። ጎናችን ያሉት ሳቁ። እኔ ደንግጬ ክንዷን ያዝኩት። አሁን ሳስበው መያዝ አልነበረብኝም። በመድረክ ላይ ያለችው እናት ቀና ብላ ወደ እኛ በኩል አየችና፣ ዝም ብላ ትንሽ ቆይታ፣ ከዚያ ቀጣዩን ንግግሯን ቀስ አድርጋ ተናገረች። ያ ዝምታ ስክሪፕቱ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። እናቴ ግን እስከ መጨረሻው ከዚያች ሴት ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

አማርኛው አልገባኝም፣ ይኼ ሰውዬ ማን ነው ብላችሁ ጎረቤት አትጠይቁ። ትንሽ ታገሡ። ጥሩ ደራሲ አንድን ነገር ሦስት ቦታ ላይ ያስቀምጥላችኋል። መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ ትዕይንቱ ተቀይሯል ማለት ነው፤ የዕቃውን ቦታና የልብሱን ለውጥ እዩ፣ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ከዚያ ይታወቃል።

8. ሲያልቅ

ተዋንያኑ ተሰልፈው እጅ ይነሳሉ። እስኪጨርሱ ቆሙ። መኪና ያመልጠኛል ብሎ እጅ ሲነሱ ጀርባ ሰጥቶ የሚወጣ ሰው ሳይ ያመኛል። ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በር አካባቢ ይገኛሉ፤ ሰላም ብትሏቸው ደስ ይላቸዋል። ፎቶ መነሳት ያኔ ይቻላል፣ ጠይቃችሁ። «ከአዳማ ነው የመጣነው» በሏቸው። አንዴ እንዲህ ስል አንዱ ተዋናይ ሜካፑን እንኳ ሳያጸዳ ስለ አዳማ ብዙ ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ቡና እንጠጣ የሚል ቢመጣ እሺ አትበሉ። ቀጥታ ወደ ቃሊቲ። በመናኸሪያው ሰልፍ ካለ ተሰለፉ፤ ከውጭ ቆሞ «ናዝሬት! ናዝሬት! አንድ ሰው!» እያለ የሚጠራ መኪና ውስጥ በትርፍ ተጨናንቃችሁ በፍጥነት መንገድ አትሂዱ።

አገር ፍቅር ካልሆነ፣ ብሔራዊ

በዚያ ቀን አገር ፍቅር የሚያሳየው ካልሳባችሁ ሁሉም ነገር እንዳለ ሆኖ ባቡሩን ለገሃር ላይ ውረዱ። ብሔራዊ ቴአትር ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ የአንበሳው ሐውልት ያለበት ነው። ሐውልቱ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው ነው። ቴአትር ቤቱም በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው የተመረቀው፤ ያኔ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ፎቅም አለው። እዚያ ፎቅ ላይ ከመቀመጥ ታች መሐል ላይ ብትቀመጡ እመርጣለሁ፤ የተዋናይ ፊት ከሩቅ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ዘመድ ጋር ከተቀጣጠራችሁ «አንበሳው ጋ» በሉት፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ለመመለስም ከፒያሳ ይልቅ ለቃሊቲ ይቀርባል፣ ግማሽ ሰዓት ታተርፋላችሁ።

አዳማ የምትደርሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ከመናኸሪያ ኮንትራት ባጃጅ ስለሚወደድ፣ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። እኔና እናቴ ያን ማታ እስከ ፖስታ ቤት በእግራችን ሄድን፤ ልጅየው ለምን እንደዋሸ እየተከራከርን ስለነበር ባጃጅ መያዝ ረስተነው ነው።